ሬዲዮ ዝም ካለ በኋላ

የወንድሜን ልጅ መንደሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት ባለሱቁ ነው። ልጁ ዳቦ ሊገዛ በወጣ ቁጥር የማን ቤት ቧንቧ እንደፈነዳ፣ የትኛው አስተማሪ ከየትኛዋ አስተማሪ ጋር እንደተኳረፈ፣ የትናንቱን ጎል ማን እንዳገባ ባለሱቁ ላይ ሳይዘረግፍ አይመለስም። ከዚያ ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ስሠራ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና ይለቅብኛል። «አንተ ልጅ፣ ትንፋሽ አያጥርህም እንዴ?» ስለው፣ «አክስቴ፣ ዋናው ዜና እኮ ገና ነው» ይለኛል። የወሬ ቋት ነበር።

አባቱ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ልጁ ገና ዳዴ ሲል ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቱ አንድ ቤት ነን። እሷ ነርስ ናት፤ ቤት ውስጥም ውጭም ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሷ ቁጡ ናት፣ እኔ ደግሞ የባስኩ ነኝ፤ ቤታችን ሳይቃጠል የኖረው በመሃል እሱ ስላለ ነው።

በትንፋሽ የሚጋባው፣ ትምህርት ቤት ያስዘጋው በሽታ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን የተቀበለው ሲስተር የምትሠራበት ሆስፒታል ነበር። የቤታችን ሕግ የወጣው ያኔ ነው። ሲስተር ከሥራ ስትመጣ ልብሷን በር ላይ አውልቃ ፌስታል ውስጥ ትከታለች፣ ታጥባ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ልጁ ከክፍሉ አይወጣም። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እመለሳለሁ፤ እሱ ኮቴዬ ሲርቅለት ከፍቶ ይወስዳል። ማቀፍ የለም፣ ጉንጭ መሳም የለም፣ አንድ ሶፋ ላይ መቀመጥ የለም። እናቱ ማስኳን እንዳደረገች ኮሪደሩ ማዶ ትቆምና፣ «አንተ ላይ ካመጣሁብህ እኔ ሰው አልሆንም። በሞቴ፣ ከዚህ በር እንዳትወጣ!» ትለዋለች።

አልወጣም። መጀመሪያ ሰሞን ከበሩ ጀርባ ሆኖ ያወራኝ ነበር። ስልኩ ላይ ያነበበውን፣ ጓደኞቹ የጻፉለትን ይነግረኛል። ከዚያ ወሬው እያጠረ መጣ። ማንንም የማያይ ልጅ ምን ያውራ? በመጨረሻ «እሺ» እና «አልፈልግም» ብቻ ቀሩ። እኛ ታዲያ ይህን ብስለት ብለን ቆጠርነው። የሰው ልጆች አጥር እየዘለሉ ኳስ ሲያሳድዱ የኛው ድምፁ አይሰማም። ሲስተር ለጎረቤቱ ሁሉ በስልክ «የኔ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ መኖሩም አይታወቅ» እያለች ትኮራበት ነበር። እኔም ደንበኞቼ ላይ ጉራዬን ስነፋ ከረምኩ።

በሽታውም አለፈ። ማስክ ከአፍ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ወረደ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የኔም ሥራ አብሮ ተከፈተ። ወላጅ ደጃፌ ላይ ተሰልፎ፣ «ውይ፣ እንዴት ነው ያደጉት!» እያለ ሲያስለካ ዋለ። የኛም ልጅ አዲስ ሱሪ ተሰፍቶለት አንድ ሰሞን ተመላለሰ። አንድ ቀን ግን ከእረፍት ሰዓት በፊት ተመለሰ። «ሆዴን አመመኝ» አለ። በማግስቱም ሆዱን አመመው። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳመመው መናገሩንም ተወው። ሱሪው ክፍሉ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ በሩም እንደገና ተዘጋ።

ሲስተር መጀመሪያ ተቆጣች፤ በሩን በጡጫ ደበደበችው። ቀጥሎ ለመነች። ቀጥሎ ደግሞ እንዳልገባው ሰው ኮሪደሩ መሃል ቆማ ቀረች። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ነው፣ ተሸክመሽ አታወጪው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ፀጉሩ አንገቱ ላይ ወርዷል። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ይተኛል፤ ተኝቶም የተኛ አይመስልም።

ባለሱቁ ባየን ቁጥር፣ «ሬዲዮ ምን ነካው? ባትሪ አለቀ?» እያለ ይቀልዳል። ሲስተር ዓይኗን ሳታሽ፣ «ደም ማነስ ነው» ትለዋለች። ነርስ ያለችውን ማን ይጠራጠራል? የባለሱቁ ሚስት እንዲያውም አዘነችላት። «የኔዋም ጨጓራዋ ተነስቶባት ይኸው ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ። የዘንድሮ ልጆች ጤናም የላቸው» ብላ እጇን ጨብጣ ሄደች።

እኔ አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «እናንተ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል አለ ብለሽኝ አልነበር? ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ?» አልኳት።

ሰሃን እያጠበች ነበር። ዞርም አላለች። «እትዬ፣ እዛ ኮሪደር ላይ ነው ወጣትነቴን የጨረስኩት። እዛ ክፍል የገባ ሰው ምን እንደሚባል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻይ ስንጠጣ የምንስቅባቸው እኛው ነን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ነገ በኔ ልጅ ይሳቁ?»

«ታዲያ እንዲህ ሆኖ ይቅር?»

«እኔ አለሁለት። የሰው ልጅ ሳድን ኖሬ የራሴን ያቅተኛል?»

እኔም ብሆን የመንደሩ አፍ አስፈርቶኝ ነበር። አንዴ ስም ከወጣለት ማን ይቀጥረዋል፣ ማን ልጁን ይድርለታል እያልኩ ሆዴ ውስጥ ሳብሰለስል ነው የከረምኩት።

እናም ልጇን ቤት ውስጥ ማከም ጀመረች። ቫይታሚን፣ የደም ሽሮፕ፣ እንቁላል፣ የአጥንት ሾርባ። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ከሥራ ቦታዋ የእንቅልፍ ኪኒን አመጣችለት። ማታ ማታ ከውሃ ጋር ታቀብለዋለች፣ ቆማ ታየዋለች፤ እሱም ጎንጨት ብሎ፣ አፉን ጠርጎ «ደህና እደሪ» ይላታል። በየሳምንቱ ደግሞ ክፍሉን እንደ ሕሙማን ክፍል ታራግፈዋለች። ፍራሽ ይገለበጣል፣ መሳቢያ ይወጣል፣ የመጽሐፍ ጀርባ ሳይቀር በአልኮል ይወለወላል። ያ በሽታ ከሄደም በኋላ ይህ አመሏ አልለቀቃትም። እሱ ጥግ ይዞ ይቆማል እንጂ አንድም ቀን ተው አላላትም።

አንድ ቀን ምሳውን አስቀምጬ ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አክስቴ፣ መርፌና ክር አለሽ?»

ክው አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ የፈለገው ነገር ተገኘ! «እንዴት ይጠፋል የኔ ጌታ? ሰፊ ቤት መርፌ ይጠፋል? ምን ልትሰፋ ነው?»

«ቁልፍ ተነቅሎብኝ ነው።»

«ወዲህ በለው፣ በዓይን ጥቅሻ እተክልልሃለሁ።»

«አይ፣ ራሴ እሰፋዋለሁ።»

መርፌውን ከነክሩ በበሩ ክፍተት ሰጠሁት። ጣቱ ጣቴን ነካው፤ በረዶ ነው። ሲስተር ስትመጣ ስነግራት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው። ሁለት ጅሎች፣ ልጃችን ቁልፍ ሰፋ ብለን ተቃቅፈን ተላቀስን።

ከዚያ በኋላ ደግሞ እውነትም ቀለል ያለው መሰለ። የሰጠሁትን ይበላል። አንድ ቀን እንዲያውም «ሾርባሽ ዛሬ ጨው በዝቶበታል፣ የት ሄዶ ነው ሐሳብሽ?» ብሎ ተረበኝ። የኳስ ጫማውን በሩ ላይ አስቀምጦ፣ «ለሚሆነው ልጅ ስጪልኝ፣ ለኔ ጠቦኛል» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ደውለው፣ ሰኞ ለፈተና ካልቀረበ ዓመቱ እንደሚቃጠል ሲነግሩን፣ ሲስተር እየፈራች በሩ ላይ ሄዳ ነገረችው። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። እንዲህ በቀላሉ! ኮሪደሩ ላይ ቆመን እርስ በርስ ተያየን።

እሑድ ዕለት ሲስተር ተረኛ ነበረች። ከቀትር በፊት ልጁ ሊታጠብ ባኞ ቤት ሲገባ እኔ ቀስ ብዬ ክፍሉ ዘለቅሁና ሱሪውን ከምስማሩ አወረድኩት። ልጁ በእነዚህ ወራት ተመዟል፤ ያ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደሚቀር ሳልለካውም አውቃለሁ። የተማሪ ሱሪ ስሰፋ እግሩ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ ጨርቅ ትቼ ወደ ውስጥ አጥፈዋለሁ። ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታና ሱሪው ይረዝማል፤ ወላጆች የሚወዱልኝም ለዚህ ነው። ሳይሰማ አስረዝሜ፣ ተኩሼ ቦታው ልመልሰው ነው ሐሳቤ። ለነገው ደስ ይለዋል ብዬ።

መኪናዬ ጋ ተቀምጬ እግሩን ስገለብጠው ስፌቱ የኔ አይደለም። ጥቁር ክር ነው፤ ጠማማ፣ ግን ጥብቅ አድርጎ የሰፋው። እኔ እንዲህ ያለ ስፌት ከእጄ አይወጣም። ሳቄ መጣ። ሊያሳጥረው ሞክሮ ይሆናል አልኩ። ምላጬን አንስቼ አንዱን ጫፍ መተርተር ስጀምር ቀና አልኩ። ልጁ የክፍሌ በር ላይ ቆሟል። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ቲሸርቱ ገላው ላይ ተጣብቋል። በሽታው ከመጣ ወዲህ የመስፊያ ክፍሌን ደፍ ረግጦ አያውቅም።

«ሱሪዬን ስጪኝ» አለ።

«ና ግባ፣ ግባ! አንተ፣ ይህን ስፌት ማን አስተማረህ? እኔ ያስተማርኩህ እንዳትል፣ ስሜ ይጠፋል።»

«አክስቴ፣ ስጪኝ።»

«ላስረዝምልህ ነው እኮ። ነገ በአጭር ሱሪ እንደ ሕፃን ልትሄድ ነው?»

ሁለት ጊዜ ወደፊት ተራመደና ቆመ። ሊነጥቀኝ ይችል ነበር፤ አልነጠቀኝም። ለምን እንዳልነጠቀኝ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እጄ ደግሞ የለመደውን አላቆመም፣ ክሩን ሳበው። እጥፋቱ ተከፈተና ኪኒኖቹ እየተንከባለሉ ጭኔ ላይ ወረዱ። አንዳንዱ መሬት ወድቆ መኪናው ሥር ገባ። ነጫጭ ናቸው። እናቱ ማታ ማታ የምትሰጠው ኪኒን ነው፤ አንዱንም አልዋጠውም።

ሌላኛውን የሱሪ እግር ዳሰስኩት፣ እሱም ሙሉ ነው። እናቱ ሁሉን ስታገላብጥ ያላየችው አንድ ቦታ ቢኖር ማንም የማይለብሰው ሱሪ ነበር።

«ለነገ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። ለነገም፣ ለሌላም ቀን። ሲመቸኝ።»

«ምን አደረግንህ?»

«ምንም አላደረጋችሁኝም።» መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን በሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየፈለገ አወራ። «ትምህርት ቤት ስሄድ ሁሉም የሚተነፍሰው እኔ ላይ ይመስለኝ ነበር። ሲስቁ ይሰማኛል፣ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይገባኝም። ላወራ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ድሮ እንዴት እንደማወራ አስብና ያ ልጅ የሞተ ይመስለኛል። ሁላችሁም ይህ ጊዜ ይለፍ ትሉ ነበር። አለፈላችሁ። እኔ እዛው ነኝ። ደከመኝ፣ አክስቴ። እናቴ በሬን ስታንኳኳ መስማት ደከመኝ።»

ከወንበሬ ወርጄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንገቱን ይዤ ራሱን ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀብኝ፤ ቆይቶ ክብደቱን ለቀቀው። ሲለቀው ነው ያለቀስኩት። ስንት ጊዜ ሙሉ ይህን ልጅ ማንም አልነካውም! ሕጉን ያወጣነው በሽታውን ፈርተን ነው። በሽታው ሲሄድ ሕጉን ለሰው ሁሉ ስናነሳ ለሱ የነገረው እንኳ የለም።

ሲስተር ከሥራ ስትመለስ እዚያው መሬት ላይ አገኘችን። ኪኒኖቹን በሰሃን አድርጌ የመስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸው ነበር። አየቻቸው። ሱሪውን አየችው። ነርስ ናት፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ግን፣ «ለማን ነገርሽ?» የሚል ነው።

ደሜ ፈላ። «ለማን ልንገር? በማይክራፎን ልናገር እንዴ? ልጅሽ ሊሞትብሽ ነው፣ አንቺ አሁንም የባለሱቁን ሚስት ታስቢያለሽ!»

«ሌላ ከተማ እንውሰደው» አለች። «ማንም የማያውቀን ቦታ። ፈቃድ እጠይቅና…»

«እስክትጠይቂ ድረስስ?»

ሰሃኑ ውስጥ እጇን ከትታ ኪኒኖቹን በጣቷ ነካካቻቸው። «በእጄ ነው የሰጠሁት» አለች። «በየቀኑ፣ በገዛ እጄ።» ልጁ ነው ተነስቶ እጇን ይዞ ከሰሃኑ ያወጣው። ያን ሌሊት ሁለታችንም ከአጠገቡ አልራቅንም፤ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ተኮራምተን አነጋን።

ሰኞ ጠዋት የሚሆነው ሌላ ልብስ ስላልነበረ ያንኑ ሱሪ ለበሰው። አስረዝሜው ነበር። መንገድ ላይ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሄደ። ባለሱቁ ሲያየን ከሱቁ ዘሎ ወጣ። «እሰይ! ሬዲዮ ተጠገነ! ለፈተና ነው አይደል?» ብሎ አጨበጨበ።

ሲስተር ፈገግ አለች። «አዎ፣ ለፈተና ነው» አለችው። ልጁ እናቱን ገልመጥ አድርጎ አይቶ አንገቱን ደፋ። እኔ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ትምህርት ቤቱን አልፈን ወደ ሆስፒታሉ አቀናን።

የአእምሮ ክፍሉ እውነትም ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሲስተር ነጩን ጋዋኗን አልለበሰችም፣ ሻርፗን ግን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባለች። የምታውቃት ነርስ ባለፈች ቁጥር ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔ ባዶ ኮሪደር ነበር የጠበቅሁት፤ ልብሱን የሚቀድ አንድ ሁለት ሰው፣ ሌላ ምን ይኖራል ብዬ። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። የሞሉት ልጆች ናቸው። ገሚሶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ትከሻቸውን የለካሁት፣ ወገባቸውን «ቀጥ በል» እያልኩ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዱ እግሩን ሳያቋርጥ ያርገበግባል። አንዷ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ ይዛዋለች። ድምፅ የለም። ይህን ያህል ወጣት አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ አላየሁም።

ጥጉ ላይ የባለሱቁ ሚስት ተቀምጣለች፤ ባለጨጓራዋ ልጇ ራሷን እናቷ ጭን ላይ አድርጋለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን ቃጣች። ከዚያ ተወችው። ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልን። «ቁጭ በሉ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ጠዋት የመጣ ሰው ወረፋው ማታ ነው የሚደርሰው። ለዛሬ ካልደረሳችሁ ቀጠሮው ሩቅ ነው።»

ካርድ የምታወጣው ልጅ ሲስተርን በሻርፗም ውስጥ ለየቻት። አብረው ሻይ የሚጠጡ ናቸው መሰለኝ፣ ፊቷ ፈካ። «እንዴ ሲስተር! ምን እግር ጣለሽ ወደኛ? ማንን ይዘሽ ነው?» አለች ጮክ ብላ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ሁለት ነርሶች ዞር አሉ።

ሲስተር ወደ ካርድ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ይሄ… ትንሽ ደም ማነስ…» አለች።

ልጅቷ ግራ ተጋብታ እስክሪብቶዋን አንስታ ልጁን አየችው። «ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?»

ልጁ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ አይደለም የተናገረው። የድሮው ድምፁ ነው፤ ባለሱቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ያ ድምፅ።

«ልሞት ፈልጌ ነው» አለ።

ወንበሩ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ቀና አሉ። እስክሪብቶው ልጅቷ እጅ ላይ ቆመ። አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሲስተርን ታያለች፤ የሰማችው ቀልድ ነው እንዲሏት የምትጠብቅ ትመስላለች። እኔም የሲስተርን ፊት እያየሁ ጠበቅሁ። ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፈፈችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«የምን አፍጥጦ ማየት ነው? ጻፊ እንጂ!» አለቻት። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማት። «እንዳለው ጻፊው። እናቱ እኔ ነኝ።»